ባሕሩ ሲዘጋና ሲከፈት የሚመጣው ነፋስ

እኛ የምንነግድበት ባሕር የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው። ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከጅጅጋ ተነስተን በርበራ ወይም ጅቡቲ የምንደርስ ሰዎች ፍየል የምንገዛው፣ ሩዝና ዘይት የምናዝዘው፣ ገንዘብ የምናበድረውና የምንበደረው ይህን አቆጣጠር ይዘን ነው። ቦሳሶ ያለ ደላላ «ባሕሩ ተዘግቷል» ሲል ማንም «ማን ዘጋው?» ብሎ አይጠይቅም። ከጁን እስከ ኦገስት ደቡብ ምዕራቡ ነፋስ በኃይል ስለሚነፍስ ትንንሾቹ ጀልባዎች ተጎትተው አሸዋ ላይ ይወጣሉ። ነፋሱ ሲዞር ባሕሩ ይከፈታል። (ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፍነው ድንበር ወዲያም ወዲህም ያለው ሰው እንዲግባባበት ነው።)

አቆጣጠሩ የቆየ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በርበራ የስድስትና የሰባት ወር ከተማ ነበረች። ከኦክቶበር እስከ አፕሪል ድረስ ከሐረርና ከኦጋዴን የሚወርዱ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ሙጫ፣ ቆዳ፣ ቅቤና የዝሆን ጥርስ ይዘው ይመጡ ነበር፤ መደበቅ አይገባምና ባሪያም ይሸጥ ነበር። ከየመን፣ ከኦማንና ከህንድ ወደቦች ደግሞ ጨርቅ፣ ሩዝና ቴምር የጫኑ ሰንቡኮች ይደርሳሉ። አፕሪል ሲያልቅ ገበያው ይበተናል፤ የጎጆው ምንጣፍና ማገር ተነቅሎ በግመል ይጫናል፤ የሺዎች መኖሪያ የነበረው ባሕር ዳር ባዶውን ይቀራል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በአፕሪል 1855 በርበራ ላይ ሌሊት የተጠቃው ገበያው ተበትኖ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነበር። የንግዱን ወቅት አሳልፎ እዚያ የቀረ ሰው ጠባቂ አልነበረውም።

ይህ አቆጣጠር ከአንድ ነፋስ ያድናል፣ ከሌላው ግን አያድንም። የክረምቱ ነፋስ ብርቱ ቢሆንም ቀጠሮውን ያከብራል። እኛ የምንጽፍለት ሌላኛው፣ ማለትም ተሽከርካሪው ማዕበል፣ በአሜሪካ በኩል ሀሪኬን፣ በቻይናና በጃፓን በኩል ታይፎን፣ በእኛ ባሕር ደግሞ ሳይክሎን የሚባለው፣ ባሕሩ በተዘጋበት ወቅት አይመጣም ማለት ይቻላል። ሳይክሎን እንዲፈጠር ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ከ26 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃና ከላይ ብዙ የማይረብሽ ሰማይ። በጁላይና በኦገስት የክረምቱ ነፋስ ከሶማሊያ ጠረፍ ጥልቅ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ያወጣል፣ የላይኛውና የታችኛው አየርም በተለያየ አቅጣጫ ስለሚነፍስ የማዕበሉን አናት ይቀደዋል። ስለዚህ ሳይክሎን የሚመጣው በሁለቱ መጋጠሚያዎች ነው፤ በሜይና በጁን መጀመሪያ፣ ከዚያም ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር። ያ ማለት ባሕሩ ሊዘጋ ሲል የመጨረሻው ጭነት በሚቻኮልበት ሳምንት፣ ወይም አሁን ተከፈተ ተብሎ ጀልባ ሁሉ በወጣበት ወር ነው። ከጠላት ሁሉ የከፋው ሰዓቱን አውቆ የሚመጣ ነው።

ደቡብ ያሉት ወንድሞቻችን ይህን ቀድመው ቀምሰውታል። አፕሪል 15 ቀን 1872 ዛንዚባርን የመታው ማዕበል የሱልጣን ባርጋሽን መርከቦች ወደብ ውስጥ ሰባብሮ አሰጠመ፣ በኡንጉጃ ደሴት ያለውን የቅርንፉድና የኮኮናት ዛፍ አብዛኛውን ነቅሎ ጣለ። ቅርንፉድ ተተክሎ ደህና ምርት እስኪሰጥ ዓመታት ይፈጃል። አጠገቧ ያለችው ፔምባ ግን ተረፈች፤ ከዚያ ወዲህ የቅርንፉዱ ንግድ ዋና ምንጭ እሷ ሆነች። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተቀየረ የገበያ ካርታ ነው፤ የዛሬዎቹ የቅርንፉድ ነጋዴዎችም በዚያው ካርታ ላይ ናቸው።

ወደ ራሳችን ባሕር እንመለስ። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠባብ ነው፣ በሰሜንም በደቡብም በረሃ ያቀፈው ነው። ደረቅ አየር የማዕበል ጠላት ስለሆነ እዚህ ድረስ ገብቶ የሚያጠፋ ሳይክሎን ማየት የተለመደ አልነበረም። የ1885ቱ የጁን ወር መርከበኞችን የጎዳቸው ይህ አለመለመዱ ነው። ስዊዝ ካናል በ1869 ከተከፈተ ገና 16 ዓመቱ ነበር፤ የአውሮፓ መርከብ ሁሉ በባብ ኤል መንደብ አልፎ ኤደን ላይ የድንጋይ ከሰል ይጭን ነበር። ማዕበሉ በሜይ መጨረሻ በአረብ ባሕር ተነሳ፣ ወደ ምዕራብ ተጉዞም ባሕረ ሰላጤውን እንደ ኮሪደር ይዞ ገባ። የመርከቦቹ መንገድም ያው ኮሪደር ነበር።

አውጉስታ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በአውስትራሊያ በኩል ላሉ የአገሯ መርከቦች ተተኪ ባሕርተኞች ጭና ከፔሪም ደሴት ወደ ምሥራቅ ወጣች። 222 ሰዎች ነበሩባት። ከዚያ በኋላ ያያት የለም፤ ስባሪዋም አልተገኘም። ረናር የምትባለው የፈረንሳይ መርከብ ደግሞ ጁን 3 ቀን ከኦቦክ ተነስታ ወደ ኤደን ጉዞ ጀመረች። ኦቦክ ማለት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለችው፣ ጅቡቲ ከተማ ገና ሳትቆረቆር ፈረንሳዮች የሰፈሩባት ቦታ ናት። ከኦቦክ ኤደን ለእንፋሎት መርከብ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከ100 በላይ ሰው ይዛ እሷም ጠፋች። አንደኛዋ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላኛዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሁለቱም ወደ ማዕበሉ አፍ ነበር የሚሄዱት።

ለምን ወጡ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ካፒቴኖቹ ሞኞች አልነበሩም። የማዕበሉ ሕግ በመጽሐፍ ከተጻፈ ቆይቷል፤ ካልካታ ይኖር የነበረው ሄንሪ ፒዲንግተን፣ ራሱ የቀድሞ የመርከብ ካፒቴን፣ በ1848 ለመርከበኞች ባሳተመው መጽሐፍ «ሳይክሎን» የሚለውን ቃል ከግሪክኛ አውጥቶ ሰጥቷል፤ የተጠቀለለ እባብን እንዲያስታውስ ብሎ። ከመጽሐፉ ጋር ብርሃን የሚያሳልፍ ከቀንድ የተሠራ ሰሌዳ ነበረበት፤ በላዩ የነፋሱ አዙሪት ተሥሏል። ካፒቴኑ ሰሌዳውን በባሕር ካርታው ላይ ያስቀምጥና የራሱን ነፋስ ከሥዕሉ ጋር እያስተያየ የማዕበሉ እምብርት የት እንዳለ ይገምታል። አጭሩ ሕግ ዛሬም ይሠራል፤ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባለው ባሕር ላይ ፊትህን ወደ ነፋሱ ብታዞር እምብርቱ በቀኝህ በኩል፣ ትንሽም ወደ ኋላህ ነው። ባሮሜትሩ እየወረደ ነፋሱ አቅጣጫውን ካልቀየረ እምብርቱ ወዳንተ እየመጣ ነው።

ችግሩ ይህ ሁሉ የሚሠራው ነፋሱ ውስጥ ከገቡ በኋላ መሆኑ ነው። ቴሌግራፍ ነበር፤ ከስዊዝ በኤደን አድርጎ ቦምቤይ የሚደርሰው የባሕር ውስጥ ገመድ በ1870 ተዘርግቷል። ኤደን ላይ የተቀመጠ ነጋዴ የቦምቤይን የጥጥ ዋጋ በዚያው ቀን ማወቅ ይችላል። ነገር ግን ገመዱ የሚያገናኘው የብስን ከየብስ ነው። መርከብ ባሕር ላይ ካለች አፍ የላትም፤ ያየችውን የምትናገረው ወደብ ከደረሰች ብቻ ነው። ማዕበሉን ከሁሉ አቅርበው ያዩት ደግሞ ወደብ ያልደረሱት ናቸው። የዋጋ ወሬ ከነፋስ ወሬ ቀድሞ የሚደርስበት ዘመን ነበር።

የማዕበሉ መንገድ የታወቀው በኋላ ነው። ፈረንሳዊው አድሚራል ክሉዌ ከተረፉት መርከቦች መዝገብ የባሮሜትሩን ቁጥር፣ የነፋሱን አቅጣጫና ሰዓቱን እየሰበሰበ በካርታ ላይ አስቀመጠው። እኛ ይህን ሥራ ከሂሳብ መዝገብ ጋር እናመሳስለዋለን፤ ሱቁ ከተቃጠለ በኋላ ደንበኛው ሁሉ የየራሱን ደረሰኝ አምጥቶ ዱቤው እንደገና ሲጻፍ ማለት ነው። እውነተኛ ሥራ ነው፣ ለአውጉስታና ለረናር ግን አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰባ ሰማንያ ዓመት በፍጥነት እናልፈዋለን። ገመድ አልባው ሬዲዮ መጣ፤ መርከብ አፍ አገኘች። አፕሪል 1960 የመጀመሪያዋ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ቲሮስ አንድ ተመጠቀች። በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ቨርነን ድቮራክ የደመናውን ቅርጽ ብቻ አይቶ የነፋሱን ኃይል የሚገምት ዘዴ አወጣ። ይህ ዘዴ ለእኛ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም አሜሪካኖች በየሀሪኬኑ እምብርት ውስጥ መለኪያ የጫነ አውሮፕላን ያስገባሉ፣ በአረብ ባሕር ላይ ግን ያንን በየጊዜው የሚያደርግ የለም። በ1998 ሜቴዮሳት አምስት የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት ከህንድ ውቅያኖስ በላይ ቆማ ያለማቋረጥ ማየት ጀመረች። ከላይ ያለው ዓይን እየጠራ ሲመጣ ከታች ያለው ዓይን ጠፋ፤ በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ የሜትሮሎጂ አገልግሎቱም አብሮ ፈረሰ፣ የዝናብ መለኪያዎቹ ተዘረፉ ወይም የሚያነባቸው ሰው አጡ። የምግብና እርሻ ድርጅት ባቋቋመው ፕሮጀክት አማካይነት ከ2000 ወዲህ ጥቂት በጥቂት ተመልሰው ተተከሉ።

በኖቬምበር 2013 ፑንትላንድን የመታው ስም እንኳ ያልተሰጠው ማዕበል ነበር። ሳይክሎን ለመባል ኃይሉ አልበቃም። ከ100 በላይ ሰው ግን ገደለ፣ የከብቱንና የፍየሉን ብዛት የቆጠረ ሁሉ የየራሱን ቁጥር ይናገራል። ፍየሎቹን የፈጃቸው ጎርፉ ብቻ አልነበረም። በረሃ ለለመደ እንስሳ ሁለት ቀን የማያቋርጥ ቀዝቃዛ ዝናብና ነፋስ ማለት በብርድ መሞት ነው። «ዝቅተኛ ግፊት ብቻ ነው» የሚል መግለጫ ስናይ ዛሬም የምናስታውሰው ይህን ነው።

በ2015 ቻፓላ መጣ፤ ኖቬምበር 3 ቀን ሙካላ አካባቢ የመንን መታ፣ በዘመናዊው መዝገብ እንዲህ ያለ ኃይል ይዞ የየመንን ዋና ምድር የመታ ከሱ በፊት አልታወቀም። ሰባት ቀን ሳይሞላ ሜግ ተከትሎ ሶኮትራን ቀጥታ አለፈባት። አንድ ደሴት በአንድ ሳምንት ሁለት ሳይክሎን።

ሳጋር ግን የእኛው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሜይ 16 ቀን 2018 ከባሕረ ሰላጤው ምሥራቅ አፍ ላይ ተፈጠረ፤ በማግስቱ ስም ተሰጠው። ሳጋር በህንድኛ «ባሕር» ማለት ነው። የአካባቢያችንን ማዕበሎች ስም የሚያወጡት በዴልሂው ማዕከል ሥር ያሉ 13 አገሮች ናቸው፤ የመንና ኦማን አሉበት፣ ሶማሊያ፣ ጅቡቲና ኢትዮጵያ የሉበትም። ስሙን የሚያወጣው አንዱ፣ ቀብሩን የሚቆፍረው ሌላው ነው።

ማዕበሉ የ1885ቱን ኮሪደር ይዞ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ሳይክሎን በዚያ በኩል ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ኬፕ ጓርዳፉይን ካለፈ በኋላ ደረቁ አየር ይበላዋል ተብሎ ይጠበቃል። ሳጋር አልተበላም። ሜይ 19 ቀን በአውዳል ክልል ሉግሃያ አካባቢ ወደ የብስ ገባ። በህንድ ውቅያኖስ ሰሜናዊ ክፍል ከተመዘገቡት ሁሉ ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ርቆ የብስ የመታ አልነበረም፤ ቅርብ የሚባለው የ1984ቱ የሜይ ማዕበል ነው። ነፋሱ ከቻፓላ ጋር ሲወዳደር ምንም አልነበረም። ዝናቡ ግን የአንድ ዓመቱ በአንድና በሁለት ቀን ወረደ። በሶማሊላንድ በኩል ከ50 በላይ ሰው ሞተ፤ የጅቡቲ ከተማ መንገዶች ወንዝ ሆኑ፤ ቀሪው ዝናብ ተሻግሮ በሶማሌ ክልል የሰው ሕይወት አጠፋ።

እዚህ ላይ ለተሽከርካሪ ባለቤትና ለሾፌር የሚሆን አንድ ነገር አለ። የማዕበል ካርታ ላይ የሚሣለው መስመር የእምብርቱ መንገድ ነው፣ ነጋዴውም ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው፤ «በርበራን አይነካም» ካለ ይጭናል። በእኛ አገር ግን የሚገድለው መስመሩ ሳይሆን ተራራው ነው። ዝናቡ ከጠረፉ ጀርባ ያለውን ከፍታ ሲያገኝ እዚያ ይራገፋል፣ ውሃውም በደረቁ ወንዝ፣ ሶማሊዎች ቶግ በሚሉት፣ ተመልሶ ወደ ጠረፉ ይወርዳል። መንገዶቻችን ደግሞ እነዚህን ቶጎች የሚሻገሩ ናቸው፤ ቶጎ ውጫሌ ራሷ ቃሉን በስሟ ይዛዋለች። ሰማዩ የጠራበት፣ መሬቱ የደረቀበት ቦታ ላይ ቆሞ ሻይ የሚጠጣ ሾፌር ከሰዓታት በፊት ሌላ ቦታ በዘነበ ዝናብ ሊወሰድ ይችላል።

ሳጋር ባለፈ በስድስተኛው ቀን ሜኩኑ ኦማንን ሳላላ አጠገብ መታ። እኛ ያኔ ስለሱ የተናገርነው ብዙ አልነበረም፤ ሩቅ ነዋ። ዋጋውን የከፈልነው ቆይተን ነው። የሜኩኑ ዝናብ፣ በኦክቶበርም የሉባን ዝናብ፣ ሰው በማይደርስበት የአረቢያ ባዶ በረሃ አሸዋ መካከል ሐይቅ ሠራ፣ ሣር አበቀለ። የበረሃ አንበጣ በዚያ ሦስት ትውልድ ተራባ፤ የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ስሌት በዘጠኝ ወር ውስጥ ወደ 8,000 እጥፍ በዛ ይላል። በ2019 ክረምት መንጋው ከየመን ባሕሩን ተሻግሮ ሶማሊያና ኢትዮጵያ ገባ። ዲሴምበር ላይ ፓዋን የተባለ ሌላ ማዕበል ፑንትላንድን አርሶ ለአንበጣው ተጨማሪ መራቢያ ሰጠው። በሶማሌ ክልል የግጦሹን፣ በ2020 መከር በወሎና በራያ የጤፉንና የማሽላውን ማሳ ያየ ሰው ያስታውሳል። የማሽላ ዋጋ ለምን እንደጨመረ ያኔ ገበያ ላይ ብዙ ተወርቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ማንም በማይኖርበት አሸዋ ላይ የወረደ ዝናብ ነበር።

የመጨረሻው ታሪካችን ጋቲ ነው፤ ማዕበል በመከታተል ሥራ ለተሰማሩት ሁሉ ያስደነገጠው እሱ ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 2020 ከሶማሊያ በስተምሥራቅ ትንሽ የደመና ክብ ታየች። ትንበያዎቹ ዝናብ ያለበት ደካማ ማዕበል ነበር የሚጠብቁት። በ12 ሰዓት ውስጥ የነፋሱ ኃይል በሰዓት ከ65 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 185 ደረሰ፤ በህንድ ውቅያኖስ በዚያ አጭር ጊዜ ይህን ያህል የጨመረ ሌላ ማዕበል አልተመዘገበም። ስሙ በህንድኛ «ፍጥነት» ማለት ነው፤ ከመፈጠሩ በፊት በዝርዝር ላይ ተጽፎ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ስም ነው።

ለምን አልታየም? ማዕበሉ ትንሽ ነበር። ትልቅ ማዕበል ለመበርታትም ለመድከምም ጊዜ ይወስድበታል፣ ትንሹ ግን እንደ ጭድ እሳት ነው፤ ሞቃት ውሃና እርጥብ አየር ሲያገኝ በአንድ ጊዜ ይነዳል፣ ሲያጣም ወዲያው ይጠፋል። የኮምፒዩተሮቹ ስሌት እንዲህ ያለውን ትንሽ እምብርት በደንብ አይዝም። ሳተላይቷ ግን አየችው፤ ዓይኑ ተከፍቶ፣ ጠርቶ፣ በጥቅጥቅ ደመና ተከብቦ። ሐፉን ላይ መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ ጋ ያ ምስል የሚደርስበት መንገድ የለም፤ ቢደርስም የቀሩት ሰዓታት በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በባሕር ላይ የነበሩትማ በ1885 ከነበሩት ብዙም አልተሻሉም።

ቁጥር የሚከታተሉ አንባቢዎቻችን የዴልሂው ማዕከልና የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማዕከል ስለጋቲ የጻፉት እንደማይገጥም አይተዋል። የላይኛው 185 የአሜሪካኖቹ ነው፤ የዴልሂው ያንሳል። አንዱ ምክንያት አሜሪካኖቹ የአንድ ደቂቃ፣ ዴልሂ የሦስት ደቂቃ አማካይ ስለሚወስዱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሁለቱም ከፎቶ የሚገምቱ መሆናቸው ነው። በሁለት ሚዛን የተመዘነ አንድ ጆንያ ነው። እኛ እንደ ነጋዴ ሁለቱንም አይተን ከባዱን እንይዛለን፤ ጭነትን አንድ ቀን ማቆየት የሚያስከፍለው የመጋዘን ኪራይ ነው።

ጋቲ ኖቬምበር 22 ቀን ምሽት ሐፉን አጠገብ የብስ ገባ። ሐፉን የአፍሪካ ዋና ምድር ወደ ምሥራቅ የምትሾልበት ጫፍ ናት፤ በ2004ቱ ሱናሚም ከሶማሊያ መንደሮች ሁሉ የከፋው ጉዳት የደረሰባት እሷ ነች። ሶማሊያን በሳተላይት ዘመን ከመቱት ማዕበሎች ሁሉ የበረታው ይህ ነው። ቢያንስ 8 ሰዎች ሞቱ፤ ከነሱ መካከል ከየመን የመጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በሌላኛው ጠረፍ ያለችው ቦሳሶ በ24 ሰዓት 128 ሚሊ ሜትር ዝናብ አገኘች፤ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው ብዙ ጊዜ 100 ገደማ ነው። ጀልባዎች ተሰበሩ፣ መረብ ተወሰደ፣ ወደ ከተማዋ የሚያስገባው መንገድ ተቆረጠ። ባሕሩ ከተከፈተ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ማዕበሉ ከተራሮቹ ጋር ሲጋጭ ኃይሉ ፈሰሰ፣ በማግስቱ የተረፈው ደመና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ተሻገረና እዚያው ተበተነ።